ዝም እንዲል ስለሚሠራ እንጨት

ከአንድ የዋንዛ ግንድ አንዱን ጉማጅ ከበሮ ሠሪ፣ ሌላውን ጉማጅ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ሠሪ ቢወስዱት፣ ሁለቱም በመጋዝና በመሮ ደክመው፣ ሁለቱም ሆዱ ባዶ የሆነ፣ አየር የታሰረበት፣ አፉ በሚርገበገብ ገላ የተከደነ ዕቃ አበጅተው ይነሣሉ። ነገር ግን የፊተኛው ዕቃ ክብሩ በመናገሩ፣ የኋለኛው ክብሩ በዝምታው ነው፤ ፊተኛው እንጨት የራሱን ድምፅ ካላሰማ ሠሪው ያፍርበታል፣ ኋለኛው እንጨት የራሱን ድምፅ ካሰማ ሠሪው ያፍርበታል። እንዲህ ያለ የግብር ተቃራኒነት በአንድ ባሕርይ ላይ እንዴት ሊገኝ እንደ ቻለ፣ ይልቁንም ለሌላው ድምፅ መተላለፊያ ሆኖ የራስን ድምፅ መሠወር ለፍጡር ክብር ነው ወይስ ጉድለት የሚለውን ጥያቄ፣ ለቤቱ ሲኒማ የሚሆነውን የድምፅ ሣጥን በገዛ እጁ ለማበጀት የተነሣ ሰው ወደደም ጠላም ያገኘዋል።

የከበሮውን ነገር አስቀድመን እንመልከት። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ለከበሮ አካላት ሁሉ ምስጢር ሰጥተዋቸዋል፤ ሰፊው አፍና ጠባቡ አፍ፣ ገላው የሚለብሰው ጨርቅ፣ ቆዳውን ወጥሮ የሚይዘው ጠፍር፣ በአንገት የሚንጠለጠልበት ማንገቻ፣ እያንዳንዱ ከምስጢረ ሥጋዌና ከጌታ ሕማማት ጋራ እየተዛመደ ይተረጐማል። ይህን ያህል ትርጓሜ ሊሸከም የቻለው ዕቃው ራሱ ተናጋሪ ስለ ሆነ ነው። በገናም እንዲሁ ነው፤ ዐሥሩ አውታር ከሚያርፉበት እንጨት ጋራ በሚገናኙበት ስፍራ የምትገባው ትንሽ የቆዳ ቍራጭ፣ እንዚራ የምትባለው፣ ያን በሰው ደረት ውስጥ የሚገባ ጥልቅ ድዝድዝታ ትፈጥራለች፤ በዐቢይ ጾም ወራት በገና የሚያደምጥ ሰው ከአውታሩ ቃና ይልቅ የሚወደው ይህንኑ ድዝድዝታ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም። የእንጨቱ ሆድ፣ የቆዳው ውጥረት፣ የእንዚራዋ አቀማመጥ ሁሉ በዜማው ላይ የየራሳቸውን ይጨምራሉ፤ መጨመራቸውም ሀብታቸው ነው፤ በገናው ከአውታሩ የበለጠ ተናገረ ብሎ የሚከስሰው ማንም የለም።

የድምፅ ማጉያ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1925 ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ያስታወቁት ሥርዐት በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለች የሽቦ ጥቅልል ኤሌክትሪክ ሲመላለስባት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንቀሳቀሳለች፣ ከእርስዋ ጋራ የተጣበቀውም ሾጣጣ ወረቀት አየሩን እየገፋና እየሳበ ድምፅን ይወልዳል። ይሁን እንጂ ወረቀቱ የፊቱን አየር በሚገፋበት ቅጽበት የኋላውን አየር ስለሚስብ፣ ከፊቱና ከኋላው የሚወጡት ሁለቱ ሞገዶች እርስ በርሳቸው ተቃራኒዎች ናቸው፤ በቀጭኑ ድምፅ ይህ እምብዛም ባይጎዳም፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን ዞሮ ከተቃራኒው ጋራ ይገናኝና ይጠፋል። ሣጥን ያስፈለገው ስለዚህ ነው፤ የኋላው ሞገድ ወይ ፈጽሞ ይታሰር ዘንድ፣ ወይም አልበርት ቱራስ የተባለው የቤል ቤተ ሙከራ ሰው በ1932 በተሰጠው የፈጠራ መብት እንዳሳየው፣ በተለካች ቀዳዳ በኩል ተገልብጦ ለፊተኛው ሞገድ ረዳት ሆኖ ይወጣ ዘንድ።

ጭንቁ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የታሰረው ሞገድ የሣጥኑን ግድግዳ ከውስጥ ይገፋል፤ የግድግዳው ስፋት ደግሞ ከሾጣጣው ወረቀት ስፋት ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ እንጨቱ በዐይን በማይታይ መጠን እንኳ ቢርገበገብ የራሱን ድምፅ ወደ ክፍሉ ይለቅቃል። እንጨት ሁሉ ሲመታ የሚወድደው አንድ ቃና አለውና፣ ዜናውን የምታነብበው ሴትም፣ በፊልሙ ውስጥ የሚማልደው ሽማግሌም፣ በቅዳሴው የሚያዜመው ዲያቆንም፣ ሁሉም ያንኑ ቃና ተቀብተው ይወጣሉ፤ አድማጩም ሰዎቹን ለየብቻ የሰማ እየመሰለው በመካከላቸው የተቀመጠውን አንዱን እንጨት ይሰማል።

ይህን እንጨት ዝም ለማሰኘት የሚደረገው ድካም፣ ላልሠራው ሰው ቢነግሩት የሚታመን አይደለም። ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ያማረውን የዋንዛ ጣውላ እንዳለ ማቆም ነው፤ ነገር ግን ወጥ ጣውላ በክረምቱ እርጥበት በጎኑ እየሰፋ፣ በበጋው እየጠበበ መጋጠሚያውን ስለሚከፍት፣ ኤምዲኤፍ የተባለው ሰሌዳ ወይም ስስ ስሱ እንጨት አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እየተጋደመ የተጣበቀበት ኮምፔርሳቶ ይመረጣል፣ ዋንዛውም ለውጭው ልብስነት ይቀራል። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ኮምፔርሳቶ በልኩ ተቈርጦ ሲገጣጠም፣ ኮላው በመጋጠሚያው ዙሪያ ሁሉ ሳያቋርጥ ጥቂት ጥቂት ፈልቆ ካልወጣ በዚያ ስፍራ ክፍተት አለ ማለት ነውና፣ ሠሪው በሞርሳ እያጠበቀ መጋጠሚያውን በጣቱ እየተከተለ ይፈትሻል። ከዚያም የጎኑን ግድግዳ በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤ ግድግዳው ረዘም ያለ ወፍራም ድምፅ ከመለሰ፣ በውስጥ በኩል ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚዘልቅ ደጋፊ እንጨት ይገባለታል፣ እርሱም በመካከል ሳይሆን ከመካከሉ ፈቀቅ ብሎ፤ ምክንያቱም ግድግዳውን እኩል ለሁለት የከፈሉት እንደ ሆነ ሁለቱ ገጾች አንድ ዓይነት ቃና ይዘው ይተባበራሉ። ከዚህ በኋላ ሲያንኳኩት ድምፁ አጭርና ደረቅ ይሆናል።

በዚህ ሥራ ያገዘኝ ወጣት አናጺ፣ በመጋዝም በብርጭቆ ወረቀትም እጁ የተባረከ ሰው ነው፤ ደጋፊውን እንጨት ሲያስገባ ቆየና ቀና ብሎ፣ “ጋሼ፣ ቁም ሣጥን እንኳ እንዲህ ያለ ደጋፊ አይገባበትም። ይህን ሁሉ የምንለፋው እንዳይሰማ ነው?” አለኝ። “እንዳይሰማ ነው” አልሁት። “ታዲያ እኔ ነኝ የሠራሁት ብዬ ለሰው ምኑን አሳያለሁ?” አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። በልቤ ሳወጣና ሳወርድ ከነበርሁት ሁሉ ይልቅ ወደ ነገሩ የቀረበው ይህ የእርሱ ጥያቄ መሆኑን አልክድም፤ መልሱን ግን በስፍራው እንመለስበታለን።

አንድ ነገር በዚህ መካከል ልጨምር። የሣጥኑን ስፋትና የቀዳዳውን ልክ ለመወሰን ዛሬ ሁሉም የሚከተለው ስሌት፣ አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961፣ ከእርሱም በኋላ ሪቻርድ ስሞል በሲድኒ ሆኖ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጁት ነው፤ ሠንጠረዦቹም በብዛት የተሰሉት በባሕር ወለል ላለ አየር ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ታስሮ ወረቀቱን እንደ ሞላ የሚመልሰው አየር በሩብ ያህል ይለዝባል። የቀዳዳው ቃና ግን ድምፅ በአየር ውስጥ በሚሮጥበት ፍጥነት ስለሚወሰን፣ ፍጥነቱም በሙቀት እንጂ በግፊት ስለማይለወጥ፣ በከፍታው ምክንያት አይፈርስም። በሜዳ ላይ የተሰላውን በተራራ ላይ የሚሠራ ሰው የትኛው እንደሚለወጥና የትኛው እንደማይለወጥ ለይቶ ማወቅ አለበት፤ ይህን ሳይለዩ ከፈረንጅ መጽሐፍ ልኩን እንዳለ መገልበጥ በዚህ ሥራ ብቻ የታየ ልማድ አይደለም።

ወደ ዝምታው እንመለስ። ዝም የማሰኛው መንገድ ሁለት ነው፤ ሁለቱም በየበኩላቸው ሃይማኖት የሚመስል ወገንተኝነት አላቸው። የመጀመሪያው መንገድ እንጨቱን በውፍረትና በክብደት መግደል ነው፤ ግድግዳው ይደረባል፣ በሁለት ግድግዳ መካከል አሸዋ የሚሞሉም አሉ፣ ሣጥኑም ሁለት ሰው አንሥቶ የማያንቀሳቅሰው እስኪሆን ይከብዳል። ሁለተኛው መንገድ የቢቢሲ የምርምር ክፍል መሐንዲሶች፣ ከእነርሱም ዳድሊ ሃርዉድ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተከተሉት ነው። እነዚህ ሰዎች ለማሠራጫ ጣቢያቸው የሚሆን ታማኝ ሣጥን ሲፈልጉ ያስተዋሉት ነገር ለብዙዎች እንግዳ ነበር፤ ይኸውም ግድግዳ ሲወፍርና ሲደርቅ ድምፁ ይጠፋል ማለት አይደለም፣ ይልቁንም ወደ ላይ ከፍ ብሎ የሰው ጆሮ እጅግ ንቁ ወደ ሆነበት ክልል ይገባል የሚል ነበር። ስለዚህ ቀጭን የበርች ኮምፔርሳቶ ወስደው፣ ውስጡን በሬንጅ ንጣፍ ለብጠው፣ የእንጨቱን ቃና ጆሮ ብዙ ወደማይቈጣጠርበት ዝቅተኛ ክልል አወረዱት፣ እዚያም ሳይቈይ እንዲሞት አደረጉት።

የገድላትንና የመጻሕፍተ መነኮሳትን ወሬ የለመደ አንባቢ ይህ ክርክር አዲስ አይሆንበትም። የሥጋን ፈቃድ ፈጽሞ ለመግደል የሚጋደሉ፣ ተጋድሎአቸውም ከመጠን ሲያልፍ ትሕትናን ፈልገው ትዕቢትን የሚያተርፉ ነበሩ፤ ሥጋ ሥጋ መሆኑን አምነው፣ ድካሙን ባልንጀራን በማይጎዳበት ስፍራ ያዋሉትም ነበሩ። አባ እንጦንስ ከመነኮሳት ጋራ ሲጫወት ያየው አዳኝ በነገሩ ቢደናገጥ፣ ቀስቱን ደጋግሞ እንዲለጥጥ አዝዞት፣ አዳኙም ከልክ በላይ ቢለጠጥ ይሰበራል ሲል፣ የመነኮሳቱም ነገር እንዲሁ መሆኑን እንዳስረዳው ይተረካል። እኔ ወደ ሁለተኛው መንገድ አደላለሁ፣ የማደላበትም ምክንያት ቀጭኑ ሣጥን ሁልጊዜ ከወፍራሙ ይሻላል ብዬ አይደለም፤ ብዙ የተዋጣላቸው ወፍራም ሣጥኖች አሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው መንገድ በስተመጨረሻው ባሕርይ የሌለው እንጨት ይገኛል የሚል ተስፋ ሲይዝ፣ ሁለተኛው የራሱ ቃና የሌለው ፍጡር እንደማይገኝ አስቀድሞ አምኖ፣ ጉድለቱ የት ቢውል ይሻላል ብሎ ይመርጣል። ይህ ምርጫ ለሰው ልጅ አቅም የሚስማማ ይመስለኛል።

አሁን ከእንጨቱ ወደ ድምፁ እንለፍ፤ በሣጥን ውስጥ የሚወጣው ድምፅ የማን ነው? በዚህ ነገር ላይ በአገራችን ታሪክ አንድ የሚያስደንቅ ጉዳይ አለ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የተቀረጸ የሰላምታ ቃል ላከች፤ ኤዲሰን ያን መሣሪያ ካወጣ ገና ሃያ አንድ ዓመት ነበር። ቃሉ በአዲስ አበባ በተሰማ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ቆመው እንደ ሰሙት፣ መድፍም እንደ ተተኰሰ ይነገራል። ከተሰማም በኋላ በንግሥቲቱ ፈቃድ መሠረት ቃሉ የተቀረጸበት ጥቅል ተሰብሮ ጠፋ።

በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ሁለት ፍልስፍናዎች ተገናኝተዋል። ንግሥቲቱ ድምፅ የአካል ነው፣ ከባለቤቱ ተለይቶ በየገበያው ሊዞር አይገባውም የምትል ይመስላል፤ ስለዚህ መልእክቱን ፈጽሞ እንደ ተመለሰ መልእክተኛ ዝም እንዲል አዘዘች። ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ፣ በፊታቸው ያለው ሰም የተቀባ ጥቅልና የቆርቆሮ ቀንድ መሆኑን እያወቁ፣ ክብሩን ለባለ ድምፁ ሰጡ። በዛሬው ቤታችን ይህ ሁለተኛው ነገር ዕለት ዕለት ይታያል፤ የቅዳሴ ሥርጭት በቴሌቪዥን በሚሰማበት ቤት፣ ወንጌል ሲነበብ እናቶች ከተቀመጡበት ይነሣሉ፣ ነጠላቸውንም ያስተካክላሉ። ልጆቻቸው ይህን አይተው ለእንጨትና ለማግኔት የተነሡ መስሎአቸው ፈገግ ቢሉ፣ የሚስቱት ልጆቹ ናቸው። ቅዱስ ባስልዮስ ለሥዕል የሚደረገው አክብሮት ወደ ባለ ሥዕሉ እንደሚያልፍ ያስተማረው ትምህርት፣ ሥዕል በዐይን እንደሚያስተላልፍ ሁሉ በጆሮ ለሚያስተላልፈውም መንገድ ሊሆን ይችላል፤ እናቶቹ የተነሡት ለቃሉ ነው፣ ሣጥኑ በመካከል ቆሞ ክብሩን ካልያዘባቸው።

ካልያዘባቸው ማለቴ በከንቱ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ ከአንድ ግንድ ግማሹን አንድዶ እንጀራ የጋገረበትን፣ በቀረውም ግማሽ ጣዖት ሠርቶ የሰገደለትን ጠራቢ ሲዘብትበት፣ መዝሙረኛውም አፍ እያላቸው የማይናገሩትን ጣዖታት ሲነቅፍ፣ በእነርሱ ዘመን የእንጨት አለመናገር ራሱ በቂ ምስክር ነበር። ዛሬ እንጨቱ ይናገራል፤ ይናገራል ብቻም አይደለም፣ ይዘምራል፣ ያለቅሳል፣ በፊልሙም ነጎድጓድ ቤቱን ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ የድሮው ምስክር ለእኛ አይጠቅመንም፣ ሌላ መለያ ያስፈልገናል፤ እርሱም እንጨቱ የተቀበለውን አሳልፎ ይሰጣልን ወይስ ለራሱ ያስቀራል የሚለው ጥያቄ ነው።

በዚህ ላይ ፈረንጆች ራሳቸው ያደረጉት አንድ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስገርመኛል። ከ1915 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል የኤዲሰን ኩባንያ በየከተማው የሙከራ ጉባኤ ያደርግ ነበር፤ ዘፋኙ ከፎኖግራፉ አጠገብ ቆሞ ከተቀረጸው ድምፁ ጋራ እየተፈራረቀ ይዘፍናል፣ መብራቱም ይጠፋል፣ ሕዝቡም ሰውየውን ከመሣሪያው መለየት አልቻልሁም ብሎ እየተደነቀ ይሄዳል። ከዘፋኞቹ አንድዋ አና ኬዝ ግን ኋላ በሰጠችው ቃል፣ በዚያ ጉባኤ ላይ ድምፅዋን ከመሣሪያው ድምፅ ጋራ እንዲመሳሰል አድርጋ ትዘፍን እንደ ነበር አስታወቀች። እንግዲህ ሕዝቡ ያጨበጨበው መሣሪያው ሰውን ስለ መሰለ ነው ብሎ ነበር፤ የሆነው ግን ሰው መሣሪያን መምሰሉ ነበር። ሥዕሉ ባለ ሥዕሉን አልመስል ሲል ባለ ሥዕሉ ፊቱን በሥዕሉ ልክ እንዳበጀ ማለት ነው። በኋላ ዘመን የአኩስቲክ ሪሰርች ባለቤት ኤድጋር ቪልቹር፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የታሰረውን አየር በ1954 በሞላነት የተጠቀመበት ሰው፣ ፋይን አርትስ ኳርቴት የተባሉ አራት ሙዚቀኞችን ከሣጥኖቹ ጋራ አቁሞ ተመሳሳይ ሙከራ አሳየ፤ ሙዚቀኞቹ እየተጫወቱ በመካከሉ ያቆማሉ፣ ቀስታቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ዜማውን ሣጥኑ ይቀጥላል። ይህኛው ከፊተኛው የተሻለ ሐቀኝነት ነበረበት። ቢሆንም ይህን ዓይነቱን ጉባኤ አልወደውም፤ የመልእክተኛ ጥሩነት መለኪያው ጌታውን መስሎ ሰውን ማሳሳቱ ከሆነ፣ ከመልእክተኛና ከአስመሳይ መካከል ያለው ግድግዳ እጅግ ሳስቶአልና።

ስለ ሲኒማው ብዙ አልናገርም። አምስት ሣጥንና ለወፍራሙ ድምፅ አንድ ሳብዎፈር በሚይዘው ሥርዐት፣ የተዋናዩ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመካከለኛው ሣጥን ነው፤ ሣጥኑ ከቴሌቪዥኑ በታች ተቀምጦ ሳለ፣ ዐይን የሚንቀሳቀስ አፍ ስላየ ጆሮ ድምፁን ከዚያ አፍ የወጣ አድርጎ ይቀበለዋል። ከሕዋሳት ሁሉ ጆሮ ለዐይን እንዲህ መታዘዙ ራሱን የቻለ ድርሰት ይወጣዋል፤ ለእኛ የሚበቃን፣ ንግግሩን የሚሸከመው ይህ መካከለኛው ሣጥን ከሌሎቹ ይልቅ ዝምተኛ ሊሆን እንደሚገባው ማወቅ ነው። ገበያው ግን ለወፍራሙ ድምፅ ሣጥን ገንዘቡን ያፈስሳል፣ መካከለኛውንም በቀጭን ቺፑድ ይጨርሰዋል።

እስካሁን ስለ ሣጥኑ ዝምታ ስናገር ትሕትናን የተቀዳጀ ባሕታዊ አስመስዬው እንደ ሆነ፣ እዚህ ላይ ልለይ ይገባኛል። ቅዱስ ሥዕል ከሌላ ሥዕል የተለየ ነው፤ ሣጥኑ ግን ለወንጌሉም ለሳሙና ማስታወቂያውም፣ ለእውነተኛው ዜናም ለሐሰተኛውም እኩል ይታዘዛል። በጎ ፈቃድ የሌለበት መታዘዝ በጎ ምግባር ሊባል አይችልም፤ ፈቃድም የነባቢት ነፍስ እንጂ የኮምፔርሳቶ አይደለም። ስለዚህ የራስን ድምፅ መሠወር ክብር ነው ወይስ ጉድለት ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱን በእንጨቱ ላይ በመፈለጋችን ስፍራውን ስተናል። ለእንጨቱ ክብርም ጉድለትም አይደለም፣ ሙያ ነው፤ ዋንዛው በከበሮነት ቢናገር ወይም በሣጥንነት ዝም ቢል በባሕርዩ ላይ የተጨመረ ወይም የተቀነሰ ነገር የለም። ትሕትናው፣ ቢገኝ፣ የሚገኘው በሠሪው ላይ ነው። የወጣቱም አናጺ ጥያቄ ስፍራው ይህ ነው፤ ሠራሁት ብዬ ምኑን ላሳይ? ያለው ሰው፣ ሥራው በተሳካ መጠን የእርሱ እጅ እየተሠወረ እንደሚሄድ ከማናችንም በፊት ተረድቶታል። የጥንት ሠዓልያን ብዙዎቹ ስማቸውን በሥዕሉ ላይ አልጻፉም፣ የጸሐፍትም ስም ከተገኘ በብራናው መጨረሻ ጸሎት በመለመን መልክ ነው የሚገኘው።

ነገር ግን በገዛ እጅ መሥራት የራሱ የሆነ አደጋ አለው። በአንድ በኩል፣ ሣጥኑን ራሱ የቈረጠና ያጣበቀ ሰው በሣጥኑ በቀላሉ አይታለልም፤ ኢሳይያስ የዘበተበት ጠራቢ በደሉ መሥራቱ ሳይሆን መሥራቱን መርሳቱ ነበርና። ከገበያ ተገዝቶ የመጣ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ዕቃ የሚናገረው ነገር ሁሉ ከሰማይ የወረደ ያህል ሊደመጥ ይችላል፤ ኮላው የት ላይ እንደ ፈለቀ የሚያውቅ ሰው ግን በሚሰማው ድምፅና በባለ ድምፁ መካከል ምን ያህል ነገር እንደ ቆመ ያውቃል። በሌላ በኩል ይኸው ሰው ከእንግዲህ ድምፁን መስማት ይሳነዋል። ወንጌል ሲነበብ እርሱ የካህኑ “ሰ” ቀጭኑን ድምፅ በሚያወጣው ትዊተር ላይ ከልክ በላይ መሳልዋን ይመረምራል፤ ማኅሌት ሲቆም የከበሮው መነሻ ምት ዝቅ ብሎ መውረዱን እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል፣ መዝሙሩ ያልፈዋል። እንዲህ ያለውን ሰው እንግዳ ሆኖ የጐበኘ ያውቀዋል፤ ፊልም ልታዩ ጠርቶአችሁ፣ ዝናብ የሚዘንብበትን አንድ ስፍራ ደጋግሞ እየመለሰ ያሰማችኋል፣ ታሪኩ ወዴት እንደ ሄደ ግን አንዳችሁም አታውቁትም። እንጨቱን ዝም ካሰኙ በኋላ የራስን ጆሮ ከእንጨቱ ላይ ማንሣት፣ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ በሞርሳም በሬንጅም አይሠራም።

ሣጥኖቹ ተጠናቅቀው ሊፈተኑ በደረሱ ጊዜ፣ ወጣቱ አናጺ በገና እናሰማባቸው ብሎ ነበር፤ ወራቱም ጾም ነበር። አሳቡ መልካም ቢሆንም ለፈተና አይሆንም። የላላ ብሎን በሣጥን ውስጥ የሚፈጥረው ድዝድዝታ ከእንዚራዋ ድዝድዝታ ጋራ ስለሚቀላቀል፣ የቱ የበገናው የቱ የአናጺው እንደ ሆነ ማንም አይለየውም። የቢቢሲ መሐንዲሶች በሥራ ክፍላቸው የሚያውቁትን ሰው ንግግር በአካልና በሣጥን እያፈራረቁ ይመዝኑ የነበረው፣ ጆሮ የለመደውን ሰው ድምፅ ያህል የሚመረምረው ነገር ስለሌለ ነው። እኛም የወጣቱን አናጺ የሥራ ባልደረባ፣ በግቢው መጋዝ ይዞ የቆመውን፣ አስጠርተን ጥቂት አናገርነው፣ በስልክም ቀርጸን በሣጥኑ አሰማነው። አናጺው ወዲያው ሳቀ፤ “ጋሼ፣ ጉንፋን የያዘው ይመስላል እኮ” አለ። እውነቱን ነበር፤ ከጀርባው ግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ በወረቀቱ በኩል ተመልሶ ይወጣ ኖሯል፤ ውስጡ የሱፍ ንጣፍ ሲጨመርበት የአፍንጫው ነገር ለቀቀው። ከዚያ በኋላ በደረቱ በኩል፣ በወፍራሙ ድምፅ ላይ፣ ጥቂት የእንጨት ቃና እንደ ቀረ ሁለታችንም ሰማን፤ እርሱ አንድ ደጋፊ እንጨት ልጨምርበት ሲል እኔ ከለከልሁት፤ ቢጨመርበት ያ ቃና ከፍ ብሎ እንደገና ወደ ንግግሩ ይወጣ ነበርና፣ በዚያው በታችኛው ስፍራ እንዲቀመጥ ተውነው።